ለአያቴ ቃል ያቀበልኩበት ክረምት

ባለፈው ሳምንት ለቀረጻ አርባ ምንጭ ወርጄ ነበር። ሲቀላ የሚባለው ሰፈር፣ አንድ ሰፊ ግቢ ውስጥ፣ ማንጎ ሥር ተቀምጬ ፊቴን ስትቀባኝ የነበረችው ልጅ አጠገቤ ላለው ተዋናይ ጢም ልትለጥፍ የማስቲሽ ቆርቆሮ ከፈተች። ያ ጫማ ሰፊዎች ሶል የሚያጣብቁበት ማስቲሽ።

"ይቅርታ እትዬ፣ ይሸታል አይደል? ደህናው ማጣበቂያ አዲስ አበባ ተረስቶ ነው" አለችኝ።

"ክፍቱን ተይው" አልኳት። "ትንሽ ቆይተሽ ትዘጊዋለሽ።"

አብዳለች ሳትለኝ አልቀረችም። ምን ላድርግ፣ ለእኔ ማስቲሽ የአያቴ ጠረን ነው። የሰው አያት ቅቤ ቅቤ ይሸታል፤ የእኔው ጫማ ሰፊ ቤት ነበር የሚሸተው። የራሱን ጢም ሙልጭ አድርጎ ይላጭና የጨንቻ ሸማኔዎች የሰጡትን ጥጥ በማስቲሽ ይለጥፋል። "አባባ፣ የራስህን ለምን አታሳድገውም?" ስለው፣ "የራሴን ጢም ሰዉ ሁሉ ሻይ ቤት ሲያየው ይውላል። መድረክ እንግዳ ጢም ነው የሚፈልገው" ይለኝ ነበር።

የማወራው ስለዚህ አያቴና ስለ አንድ ክረምት ነው። ያኔ አራተኛ ክፍልን ጨርሼ አምስተኛን የምጠብቅ፣ ምላሴ ከቁመቴ የሚረዝም ልጅ ነበርኩ።

እኛ ቤት ተዋናይ ያልሆነ የለም። አያቴ አርባ ምንጭ የክፍለ ሀገር ዋና ከተማ በነበረችበት ዘመን ከኪነት ቡድን ጋር መጥቶ፣ አንዲት የጨንቻ ልጅ ስትዘፍን ሰምቶ፣ ቡድኑ ሲመለስ እሱ የቀረ ሰው ነው። የጨንቻዋ ልጅ አልማዝ ትባላለች፤ ሴት አያቴ መሆኗ ነው፤ እኔ ሳልወለድ ሞታለች። አባቴ የተወለደው ጉዞ ላይ ነው። በሕፃንነቱ ሁለቱ መድረክ ላይ ሲሆኑ የልብስ ሻንጣ ውስጥ ነበር የሚያስተኙት። ሲያድግ ድራማ ጻፈ፣ አዘጋጀ፣ ተጫወተ፣ የአያቴን ቡድንም ተረከበ። እናቴ ተወዛዋዥ ነበረች፤ አሁን ልብስ ትሰፋለች፣ የጎደለም ቦታ ካለ ገብታ ትጫወታለች። የአያቴም እናት ለሠርግ የምትጠራ ዘፋኝ ነበረች ይባላል፤ እሱ ስለ እሷ ሲያወራ ግን መልኳም ዕድሜዋም በየጊዜው ስለሚለዋወጥ እኔ እንጃ።

እንዲህ ያለ ቤት ውስጥ ማደግ የራሱ ጣጣ አለው። እናቴ ከጎረቤት ጋር ተጣልታ ስትገባ እጇን ወገቧ ላይ አድርጋ፣ ድምጿን ከሆዷ አውጥታ ነው የምትነግረን። አባቴ ራሱን ሲያመው ግድግዳ ተደግፎ በዝግታ ይንሸራተታል። ስለዚህ ማን የምሩን እንደሆነ፣ ማን እየተለማመደ እንደሆነ ለይቼ አላውቅም ነበር። ሰው ተጣልቶ ሲያበቃ መጋረጃ ይዘጋል፣ ከዚያ ሁሉም ልብሱን ቀይሮ የበቆሎ ኩርኩፋውን በሚያቃጥል ዳጣ ይበላል፤ የሚመስለኝ እንዲህ ነበር።

ሐምሌ ላይ አባቴ አዲስ ድራማ ጻፈ። ስለ ድንበር ጠብ ነው። ሁለት ጎረቤታሞች በእንሰት ማሳቸው ወሰን ይጣላሉ፣ ዱላ ይማዘዛሉ፣ መጨረሻ ላይ ልጆቻቸው ገብተው ያስታርቋቸዋል። አንደኛው ጎረቤት አያቴ፣ ሌላው አባቴ። የመጀመሪያው ቀን ሴቻ ሰፈር አንድ አዳራሽ ውስጥ ታየ። ሁለተኛው ክፍል መሃል ላይ አያቴ ጣቱን ወደ አባቴ ቀስሮ "አንተ..." አለና ቆመ። ጣቱ እንደተቀሰረ ቀረ። አዳራሹ ውስጥ አንድ ሕፃን ብቻ ነበር የሚያለቅሰው። አባቴ የራሱንም የአያቴንም ቃል አንድ ላይ አዋህዶ ተናግሮ ትዕይንቱን ጨረሰው። ሰው አጨበጨበ፤ ምንም አላወቀም።

ቤት ስንገባ አባቴ ሻንጣውን መሬት አስቀመጠና "ጋሼ" አለ። አባቴ አያቴን "ጋሼ" ብሎ፣ አንቱ ብሎ ነው የሚጠራው፣ ቡድኑ ሁሉ እንደሚጠራው። አያቴን አንተ የምለው እኔ ብቻ ነኝ፤ እሱ ፈቅዶልኝ።

"ጋሼ፣ እርስዎ ደክመዋል። ከእንግዲህ ወንበርዎ ላይ ተቀምጠው ቢያዩን ምን አለበት?"

"እኔ ተቀምጬ አንተን ልይ? ምን የሚታይ ነገር ሠርተህ?"

"ቢያንስ የምናገረውን አውቃለሁ።"

የአፍ ወለምታ በቅቤ አይታሽም። አያቴ የጥጥ ጢሙን ከፊቱ ገሽልጦ አነሳው፤ ቆዳው እንዴት እንደቀላ አሁንም ይታየኛል። ወደ ክፍሉ ገባ። እኔ መጋረጃው እስኪዘጋ ጠበቅኩ። አልተዘጋም። በማግስቱም አልተነጋገሩም፣ በሳምንቱም አልተነጋገሩም።

አባቴ ወዲያው ሊያስወጣው አልቻለም፤ ገረሴና ጨንቻ በአያቴ ስም ቀጠሮ ተይዞ ነበር። ለእናቴ ሲነግራት ግን በበሩ ሰማሁት። "አንድ ጊዜ ብቻ እንደዚያ ቆመው ቢቀሩ ቦታውን ለዘነበ እሰጠዋለሁ።" ዘነበ ከበሮ መቺያችንና ሾፌራችን ነው፤ ድራማ ውስጥ ፖሊስ ሆኖ ይገባል። ደግ ሰው ነው፣ ተዋናይ ግን አይደለም፤ ፖሊስ ሆኖም ዘነበ ነው።

እኔ ስለ ዘነበ አልነበረም የደነገጥኩት። አባቴና አያቴ የሚነጋገሩት መድረክ ላይ ብቻ ነበር። ልምምድ ሲሆን ግቢያችን ባለው ማንጎ ሥር ፊት ለፊት ቆመው ይጯጯሃሉ፣ ዓይን ለዓይን ይተያያሉ፣ "ስማኝ!" ይባባላሉ። ልምምዱ ሲያበቃ ጀርባቸውን ይሰጣጣሉ። ዘነበ ያን ቦታ ከወሰደው የት ሊነጋገሩ ነው? ሌላ ቦታ የላቸውም። እኔ በልጅ ጭንቅላቴ ያሰላሁት ይህን ነው፤ አሁንም ሳስበው የተሳሳትኩ አይመስለኝም።

እናቴ ናት ሥራውን የሰጠችኝ። "ድምፅሽ ቀጭን ነው፣ መጋረጃ ያልፋል። ከኋላ ሆነሽ ለአባባ ቃል አቀብይው። ለማንም እንዳትነግሪ" አለችኝ። አባቴ በእጁ የጻፈበትን ሰማያዊ ልባስ ያለው ደብተር ሰጠችኝና በሁለት ቀን ሸመደድኩት። ሌላው ልጅ ክረምቱን ማንጎ ሲያወርድ፣ ኩልፎ ወንዝ ሲንቦጫረቅ ነው ያሳለፈው። እኔ እንደ ሽማግሌ "ይህን ድንበር የተከለው አባቴ ነው!" እያልኩ ነው የከረምኩት።

ቃል ማቀበል ቀላል ሥራ እንዳይመስላችሁ። ቶሎ ካቀበልክ ተዋናዩ ይናደዳል፤ ብትዘገይ ደግሞ ሕዝቡ ያውቃል። የአያቴን ጀርባ ማንበብ ተማርኩ። ትከሻው ከፍ ካለ ትንፋሽ እየወሰደ ነው፣ ዝም ማለት ነው። የቀኝ እጁ አውራ ጣት ካባውን መደባበስ ከጀመረ ቃሉ ጠፍቶታል፣ ወዲያው ነው መወርወር። እሱ ደግሞ ምስጋና የለውም። ሲወጣ "ማነው ከኋላ እንደ ትንኝ ጆሮዬ ሥር ጥዝዝ ያለው? ልጅ ያቦካው ለእራት አይበቃም" ይለኛል። በማግስቱ ግን ልምምድ ከመጀመሩ በፊት አይቶኝ እንዳላየ ሆኖ ወደ መጋረጃው ጠጋ ብሎ ይቆማል።

ቃሉ ለምን እንደሚጠፋው የራሴ ማብራሪያ ነበረኝ። አያቴ መድረክ ላይ ራሱን በጣም ያልበዋል። ቃሉ አብሮ በላቡ የሚወጣ መሰለኝ። ስለዚህ የእናቴን ሻሽ አምጥቼ በባርኔጣው ውስጥ ጥብቅ አድርጌ አስርለት ነበር። እሱም አንገቱን ዝቅ አድርጎ ያሳስረኛል። ለምን እንደሆነ አንድ ቀን እንኳ ጠይቆኝ አያውቅም።

ሁለተኛው ሥራዬ መልእክተኝነት ነው፤ ይህን ማንም አልሰጠኝም። አያቴ ገበታ ላይ ተቀምጦ፣ አባቴ ክንድ በማይሞላ ርቀት ላይ እያለ፣ "ለዳይሬክተሩ ንገሪው፣ ዳጣው ርቆኛል በይው" ይለኛል። አባቴም "ለአያትሽ ንገሪያቸው፣ ዳጣ ጨጓራቸውን ያመዋል" ይላል። መጀመሪያ እንዳለ አደርስ ነበር። በኋላ አሰልቺ ሆነብኝና ማሻሻል ጀመርኩ። ለአባቴ፣ "አባባ እባክህን ብሎሃል።" ለአያቴ ደግሞ፣ "አባዬ ስለምሳሳልዎት ነው ብሎሃል።" ሁለቱም ውሸቴን ያውቃሉ፤ በጆሯቸው የሰሙትን ነው የማሻሽልባቸው። ግን አንዳቸውም "እንደዚያ አላልኩም" ብሎ አላረመኝም።

ገረሴ የሄድነው ነሐሴ መጨረሻ ነው። ሲወጡ ጭቃ፣ ሲወርዱ ጭቃ። አይሱዙው ሁለት ጊዜ ተይዞ ወርደን ገፋን፤ እናቴ የድራማውን ልብስ በራሷ ተሸክማ። ገበያው ዳር በሁለት ግንድ መጋረጃ ወጥረን ጀመርን። ሁለተኛው ክፍል ላይ የአያቴ አውራ ጣት ካባውን መደባበስ ጀመረ። አቀበልኩ። አልሰማም። ድጋሚ አቀበልኩ። ሦስተኛውን ሳላውቀው ጮኼ ነው ያልኩት። ከፊት የተቀመጡት ሰዎች ሰምተው ሳቁ። እኔ መሬት ተከፍታ ብትውጠኝ ደስ ባለኝ።

አያቴ ቀስ ብሎ ወደ መጋረጃው ዞረና፣ "አየህ አይደል፣ የሞቱት አባቴ እንኳ ከመቃብር ሆነው ድንበሩ የእኔ ነው እያሉ ነው" አለ። ገበያው በሳቅ ፈረሰ። ዘነበ ከበሮውን ደገፍ ብሎ ይንፈራፈራል። አባቴ ብቻ አልሳቀም። ትዕይንቱ ካለቀ በኋላ ደብተሩን እጄ ላይ አይቶ ከእናቴ ጋር ብቻ በዓይን ተነጋገረ። ማታ ወደ ቤት ስንመለስ "ጨንቻ የመጨረሻ ዕድላቸው ነው። እዚያ በደህና ካለፈ እናያለን" ሲላት ሰማሁ።

ከገረሴ መልስ አያቴ ብቻውን መለማመድ ፈለገ። ጠዋት ጠዋት በሙዝ እርሻው መሃል አድርገን አባያ ዳር እንወርዳለን። አባያ ያኔም እንዳሁኑ ሻይ ሻይ ይመስላል፣ ቀይ ነው ውሃው። አያቴ ዳር ላይ ቆሞ ለሐይቁ ይጮሃል፤ አሣ አጥማጆቹ ከጀልባቸው ሆነው "ጋሼ፣ ዓሣውን አባረሩብን" ይሉታል፤ እሱ እጅ ይነሳል። "ከአንጀት ካለቀሱ እንባ አይገድም" ይለኛል። "ቃል ቢጠፋሽ አትደንግጪ። አንጀትሽ ውስጥ ካለ ይወጣል።"

አንድ ቀን ጠዋት ድንጋይ ላይ ተቀምጠን ሙዝ ስንልጥ ፊቱን ወደ እኔ አዞረ፤ በጣም ቀስ ባለ ድምፅ፣ "አልማዝ፣ ልጁ ተኛ?" አለኝ።

እኛ ቤት ደግሞ አንድ ሕግ አለ። ሰው ቃል ከሰጠህ ትመልሳለህ። ከየትኛው ድራማ እንደሆነ ኋላ ይጠየቃል። እኔም አዲስ ነገር ሊያለማምደኝ መስሎኝ ቀጥ ብዬ ተቀመጥኩና፣ "አዎ፣ ሻንጣው ውስጥ ተኝቷል" አልኩት።

"ሸፍኚው እንጂ፣ ይበርደዋል።"

"ሸፍኜዋለሁ።"

"ጎሽ" አለና ሙዙን በላ። ጎበዝ ተጫውቼያለሁ ብዬ ደስ አለኝ። ወደ ቤት ስንመለስ ግን ከሙዙ እርሻ ዳር ቆሞ ግራና ቀኝ አየ፤ ሃያ ጊዜ የሄድንበት መንገድ ነው። "አንቺ ቅደሚ" አለኝ። እጄን አጥብቆ ያዘ። ያኔ ነው ይህ ድራማ እንዳልሆነ የገባኝ። ለአባቴ ብነግረው አያቴን ያስወጣዋል። ስለዚህ ለማንም አልተናገርኩም፤ ምላሴ የሚረዝመው እኔ።

ጨንቻ የወጣነው መስቀል አምስት ቀን ሲቀረው ነው። ከታች የሚያቃጥል ፀሐይ ትተን ወጥተን ላይ ስንደርስ በጉም ውስጥ አፋችን ይጨሳል። ጋሞዎች ለመስቀል ያላቸውን ነገር የማያውቅ አይረዳውም። ልብስ ይታጠባል፣ ቅቤ ይጠራቀማል፣ በሬ በማኅበር ይገዛል፤ ከሁሉ በፊት ግን የተጣላ ይታረቃል። ቂም ይዞ መስቀልን መሻገር ነውር ነው። ሽማግሌዎች ክረምቱ ሲወጣ ቤት ለቤት እየዞሩ ማን ከማን እንደማይነጋገር ያጣራሉ። እኛ የቴያትር ሰዎች መሆናችን በጀን እንጂ እኛንም ያጣሩን ነበር።

ድራማው የታሰበው ከከተማው ወጣ ባለች መንደር ገበያ ላይ ነው። ዝናብ ጥሎ ገበያው ማጥ ሆነ። ዘነበ ዞር ዞር ብሎ መጣና "ውብ ቦታ አገኘሁ፣ ሣር ነው፣ ትልቅ ዛፍ አለው፣ ድንጋዩ መቀመጫ ሆኖ ተደርድሯል" አለ። ያ ቦታ ዱቡሻ ነው፤ ሽማግሌዎች ተሰብስበው የሚመክሩበትና የሚፈርዱበት ሜዳ። የአባቴ እናት የጨንቻ ልጅ ነበረችና እሱ ሊያውቅ ይገባው ነበር። ግን ዝናቡም፣ አያቴም፣ ሁሉም ተደራርቦበት ነበርና አላስተዋለም። ሊያስፈቅድ ሄደ። ጋቢ የደረቡ፣ ቀጭን ሽማግሌ ከሌሎች ጋር ተቀምጠው ነበር።

"ምን ልትናገሩበት ነው?" አሉት።

"ስለ እርቅ ነው አባቴ።"

"ጥሩ። ይሄ ሜዳ ውሸት አትወድም። እርቅ ከሆነ ተናገሩ።"

እኔ ከዛፉ ኋላ መጋረጃ ተወጥሮልኝ ደብተሬን ይዤ ተቀመጥኩ። አያቴ ያን ቀን ሲጀምር እንዴት ያምር ነበር። ድምፁ ጉሙን ሰንጥቆ ማዶ ደርሶ ይመለሳል። የመጀመሪያው ክፍል አንድ ቃል ሳይጎድል አለፈ። ሁለተኛው ክፍል ገባ። ዱላ የሚማዘዙበት ቦታ ደረሰ። አባቴ ዱላውን አነሳና "ከማሳዬ ውጣ!" አለ። አያቴ አሁን "ይህን ድንበር የተከለው አባቴ ነው" ማለት አለበት።

አውራ ጣቱ ካባውን አልደባበሰም። ጀርባው ምንም አልነገረኝም። አቀበልኩ። ደግሜ አቀበልኩ። እሱ አባቴን ትኩር ብሎ አየና "አንተ ማነህ?" አለው።

ሕዝቡ "ኧረ በለው" አለ፤ ስድብ መስሎታል። አባቴ ግን ፊቱ ተለወጠ። የያዘው ዱላ እንደተነሳ ቀረ። "ልጅህ ነኝ" አለ፣ አንቱታውን ረስቶ፤ ደብተሩ ላይ የሌለ ቃል ነው። አያቴ ግን ዱላ ያነሳበትን ሰውዬ ብቻ ነበር የሚያየው። የራሱን ዱላ አዙሮ የአባቴን ትከሻ መታው። በልምምድ ከትከሻው አንድ ስንዝር ርቆ ነበር የሚያቆመው። ድምፁ ቋ ብሎ ተሰማ።

"በቃ!" አለ አባቴ። "አበቃልህ! ሰው መሳቂያ ከምታደርገን ቤትህ ተቀመጥ ስንልህ..."

አልጨረሰውም። ከድንጋዮቹ ላይ እነዚያ ቀጭን ሽማግሌ ተነስተው ነበር። ሌሎቹም ተከተሏቸው። ጎንበስ ብለው እርጥብ ሣር ነጩ፣ ሣሩን በሁለት እጃቸው ይዘው መጥተው በአባቴና በአያቴ መካከል ጭቃው ላይ ተንበረከኩ። ሰባት ወይም ስምንት ይሆናሉ። ዘነበ በፖሊስ ልብሱ ሮጦ ገባና "አባቶች፣ ኧረ ድራማ ነው፣ ተነሱ" አላቸው።

ሽማግሌው ቀና ብለው እንኳ አላዩትም። "ድራማ ቅድም ነበር" አሉ።

በጋሞ ሽማግሌ ሣር ይዞ ከተንበረከከ ጠብ እዚያ ያበቃል። ተራምደህ አታልፈውም፣ እምቢም አትለውም፣ እሱም ሳትታረቅ አይነሳም። አባቴ ዱላውን ጣለ። አያቴ የተንበረከኩትን ሰዎች አንድ በአንድ አያቸው፤ ሁሉም በዕድሜው ናቸው። ከየት እንደተመለሰ አላውቅም፣ ግን ሲመለስ አየሁት። ዓይኑ መጀመሪያ፣ ከዚያ ትከሻው። ጉልበቱን ይዞ ቀስ ብሎ ተንበረከከ።

"ምንድን ነው ያጣላችሁ?" አሉ ሽማግሌው። "እዚህ እውነት ነው የሚነገረው።"

ደብተሩን ይዤ የቱን ልበል? ያለኝ ስለ ድንበር ብቻ ነው።

"እረሳለሁ" አለ አያቴ። ያ ማዶ የሚሰማው ድምፁ አልነበረም። "ልጄ ነግሮኝ ነበር፣ እኔ ነኝ እምቢ ያልኩት። አሁን እንኳ ልጄን ረስቼው ነበር የመታሁት። ከዚህ ሥራ ሌላ የማውቀው የለኝም፤ እሱን ስተወው ማን ልሆን ነው ብዬ ፈራሁ።"

አባቴም ተንበረከከ። "አባዬ" አለ። በሕይወቴ አያቴን "አባዬ" ሲለው መጀመሪያ የሰማሁት ያን ጊዜ ነው። "ሰው ሲስቅብህ ማየት ፈርቼ ነው እንጂ አፍሬብህ አይደለም።" ቆመ። ሽማግሌዎቹን አየ፣ ሣሩን አየ። "አይ፣ አፍሬብህም ነበር። አንተን ሳይህ ነገ የምሆነውን ራሴን እያየሁ እናደድብህ ነበር። ተደብቀህ ከልጄ ቃል ስትቀበል እያየሁ አንድ ቀን እንኳ እኔ ላቀብልህ አላልኩም። ይቅር በለኝ።"

እናቴ አጠገቤ አፏን በነጠላዋ ይዛ ታለቅሳለች። እኔ ደግሞ ደብተሩን ወደፊትና ወደኋላ አገላብጣለሁ። ይህ የትኛው ገጽ ላይ ነው? ቢጠፋቸው ምን ላቀብላቸው ነው? የለም። አንዱም ገጽ ላይ የለም።

ሽማግሌዎቹ የያዙትን ሣር ለሁለቱም አካፈሏቸውና መረቋቸው። እልልታ ተነሳ፣ ከዚያ ጭብጨባ። ግማሹ ሕዝብ እስካሁን ድረስ ያ ሁሉ በአባቴ የተጻፈ ነው የሚመስለው። ከእነሱ ውስጥ አንዷ ሴትዮ መጥታ እናቴን "መጨረሻው እንዴት ያምራል፣ እንዲህ ያለውን ደጋግማችሁ አሳዩን" አለቻት።

አያቴ መጋረጃውን ገልጦ ሲገባ በቁጣ ጠበቅኩት። "ሁለታችሁም ከጽሑፉ ወጣችሁ" አልኩት። "እኔ ምን ላድርግ?"

ሳቀ። ጢሙ በግማሽ ተላጦ ተንጠልጥሏል። አጎንብሶ "ጻፊው" አለኝ። "አሁኑኑ ጻፊው። እኔ ነገ እረሳዋለሁ።"

ጻፍኩት። ከደብተሩ መጨረሻ ባሉት ባዶ ገጾች ላይ፣ ማን ምን እንዳለ፣ ቃል በቃል። ከዘነበ እርሳስ ተውሼ ነው።

በማግስቱ ጠዋት ባሳደሩን ቤት ውስጥ ነበርን፤ ዝናቡ ቆሞ በቀርከሃው ቀዳዳ ፀሐይ ይገባል። አያቴ ገለባው ላይ ጋቢውን ለብሶ ተቀምጧል። አባቴ ትኩስ ቆጮ በቅጠል ይዞለት ገባና "አባዬ፣ እንዴት አደርክ?" አለው፤ ፊቱ በርቷል።

አያቴ ፊቱን ወደ ግድግዳው አዞረ። "ለዳይሬክተሩ ንገሪው" አለኝ፣ "ከሐምሌ ጀምሮ አላናግረውም፣ አያውቅም እንዴ?"

እናቴ ከበሩ ላይ ቆመች። እኔ ዘልዬ ተነሳሁ፤ ደብተሩ ሻንጣው ውስጥ ነው፣ አንብቤለት ያስታውሰዋል። አባቴ ክንዴን ያዘኝ።

"ተይው" አለኝ። "እኔ አልረሳሁትም።"

ቆጮውን አስቀመጠ። ወጥቶ ከደጁ ሣር ነጭቶ ተመለሰና አያቴ ፊት ተንበረከከ። "አባዬ" ብሎ ጀመረ። ሰው ሲስቅብህ ማየት ፈርቼ ነው አለ። ከዚያ ቆመ፣ አፍሬብህም ነበር አለ። ሁሉንም አለው፣ የትናንቱን ሁሉ፣ እስከ መጨረሻው። አያቴ ቀስ በቀስ ከግድግዳው ዞረ። አዲስ ነገር እንደሚሰማ ሰው አፉን ከፍቶ ሰማው፤ ለእሱ አዲስ ነበር። ሲያበቃ የልጁን ራስ በሁለት እጁ ይዞ አለቀሰ፣ ይቅር አለው።

በሦስተኛው ቀን ጠዋትም እንደገና ረሳው፤ በአራተኛውም፤ መስቀል ዕለትም። አባቴ በየቀኑ ይንበረከካል። አንድ ቀን እንኳ አሳጥሮ አልተናገረውም።